የታመመውን ጠየቅን፤ አስታማሚዋንስ?





በግቢያችን አንድ ሰው ሲታመም ወሬው ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ጋር ይደርሳል። ብር ይዋጣል፤ ብርቱካንና ጁስ ይገዛል፤ አምስት ስድስት ሆነን ሄደን አልጋው ዙሪያ እንቆማለን። “አላህ ዓፊያ ያድርግህ” ብለን፣ ዱዓ አድርገን እንመለሳለን። ይህ ትልቅ ኸይር ነው። የታመመን መጠየቅ አንድ ሙስሊም በሌላው ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ገና በልጅነታችን መድረሳ ተቀምጠን ተምረነዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ሱና በጀማዓችን አልሞተም።

ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ግን ከአልጋው አጠገብ ስላለችው ሌላ ሰው ነው። ጠያቂ ሲገባ ተነስታ ወንበሩን የምትለቀው፣ ብርቱካኑን ተቀብላ የምታስቀምጠው፣ ሲወጣ እስከ በሩ የምትሸኘው። ስለ በሽተኛው መቶ ጊዜ ትጠየቃለች፤ ስለ ራሷ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። እርሷ አስታማሚዋ ናት። አንዳንዴ ልጅ ናት፣ አንዳንዴ ሚስት፣ አንዳንዴ እናት። አልፎ አልፎ ወንድ ልጅ ወይም ባል ይሆናል። በብዙው ቤት ግን ሴት ስለሆነች “አስታማሚዋ” እያልን እንቀጥላለን።

በሀገራችን ሆስፒታሎች ቃሉ የታወቀ ነው። “የአልጋ ቁጥር 7 አስታማሚ!” ተብሎ ከኮሪደሩ ይጠራል። በሌላ ሰው አልጋ ቁጥር ትጠራለች ማለት ነው። ተጠርታም ብዙ ትሠራለች። የታዘዘው መድኃኒት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋ ማዘዣውን ይዛ ከተማውን ትዞራለች። ናሙና ላቦራቶሪ ታደርሳለች፤ ውጤት ትቀበላለች፤ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች። ታጥባለች፤ ታጎርሳለች፤ ደግፋ ሽንት ቤት ትወስዳለች፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ትጠራለች። ሲመሽ ከአልጋው ሥር ወይም ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጎኗን ታሳርፋለች። የሆስፒታሉ ሥራ ግማሹ በእርሷ እግርና እጅ የሚሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን በየትኛውም የሠራተኛ መዝገብ ላይ ስሟ የለም።

ከሩቅ የምትመጣዋ ሸክሟ ይብሳል። ለምሳሌ የካንሰር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በሀገራችን የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከወሎ፣ ከባሌ፣ ከጂማ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ በሽተኛ ብቻውን አይመጣም። አብራው የምትመጣዋ ከተማውን አታውቅም፤ ምናልባት ቋንቋውንም በደንብ አትችልም፤ ለሳምንታት የምታድርበት ቤትም የላትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሕክምናው ወጪ ይቀልለታል። መድኑ ግን የሚያውቀው በሽተኛውን ነው። የአስታማሚዋ ማደሪያ፣ እንጀራዋና ታክሲዋ ከራሷ ኪስ ነው።

ይህ እንግዲህ በሰው ዓይን የሚታየው ነው። ረጅሙ ማስታመም ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ከሆስፒታል “ቤታችሁ ወስዳችሁ ተንከባከቡት” ከተባለ በኋላ።

በስትሮክ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው አባት አለ እንበል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መገላበጥ እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይህ በቀን 12 ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን ብቻ 5 ወይም 6 ጊዜ። እንግዲህ ይህንን የምትፈጽም ልጅ መቼ ነው የምትተኛው? ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል፤ አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። መንገዱና ወረፋው ሲጨመርበት ለአጃቢው ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የመርሳት ሕመም የያዛት እናት አንዱን ጥያቄ በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ ትጠይቃለች፤ ሌሊት ተነስታ በሩን ከፍታ ልትወጣ ትችላለች፤ የምታጎርሳትን ልጇን “አንቺ ማነሽ?” የምትልበት ቀንም ይመጣል። የአእምሮ ሕመም ባለበት ቤት ደግሞ አስታማሚዋ ሌላ ሥራ ይጨመርባታል፤ ምሥጢር መጠበቅ። ሰው እንዳይሰማ፣ የእህቷ ጋብቻ እንዳይበላሽ፣ ጎረቤት “ጂን ነው” እንዳይል ስትል ከበሽተኛው ጋር እርሷም ተዘግታ ትኖራለች። መራመድና መናገር የማይችል ልጅ ያላት እናት ደግሞ ልጁ ዘጠኝ አሥር ዓመት ሞልቶትም ታዝለዋለች። ልጁ ያድጋል፤ ጀርባዋ ያው ነው።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ሸክም ስንማር በመጀመሪያ ከምንጠይቃቸው ነገሮች አንዱ “ሸክሙ በየት በኩል ወርዶ መሬት ይደርሳል?” የሚል ነው። ቤትን የሚያፈርሰው የሸክሙ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ምሰሶ የታሰበው ሸክም አንድ ምሰሶ ላይ ሲያርፍም ይፈርሳል። ቀጭን ምሰሶ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ሸክሙ ከልኩ እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲያልፍ ድንገት ይታጠፋል። ስለዚህ አንድ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መቆሙ ሸክሙ አለመብዛቱን አያሳይም። “እርሷ ጠንካራ ናት፣ ትችላለች” የሚለው ንግግር ይህንን ይዘነጋል።

እስቲ ሒሳቡን በቀላሉ እንሥራው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አራት ልጆች ያሏት አንዲት እናት ሌት ተቀን ሰው ከአጠገቧ መለየት የለበትም ቢባል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 42 ሰዓት ይደርሰዋል። በብዙ ቤት የምናየው ግን ይህ አይደለም። አንዷ 168ቱንም ትይዛለች፤ ሦስቱ ይደውላሉ። የምትይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያላገባችው፣ ወይም ሥራ ያልያዘችው፣ ወይም “አንቺ እኮ ቤት ነሽ” የምትባለው ናት። ትምህርቷን ያቋረጠችው ለማስታመም ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ “ትምህርት አልገፋችም” ተብሎ ይነገርላታል።

ይህ ሥራ ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ወደ ዓረብ ሀገር ማየት ይበቃል። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጂማ ስንት እህቶቻችን ሳዑዲና ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ሄደው የሰው ቤት አዛውንት ያስታምማሉ። እዚያ ሥራው ስም አለው፤ ደመወዝ አለው፤ ደመወዙም ቤት ሠርቷል፤ ወንድም አስተምሯል። የዚያችው እህታችን እናት ወሎ ላይ ስትታመም ደግሞ ታናሿ ከትምህርት ቤት ትቀርና ታስታምማለች። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ያመሻሉ፤ የሰው እናት ያጠበችው “ሠራተኛ” ትባላለች፤ የገዛ እናቷን ያጠበችው ግን “ሥራ የላትም” ትባላለች። ብር የምትልከዋ መመስገኗ ተገቢ ነው፤ እርሷም በሰው ሀገር ብዙ ትከፍላለች። የታናሿ ሥራ ግን የሚቆጥርለት ሰው አላገኘም።

ዲናችን ግን ቆጥሮታል።

በሂጅራ 2ኛው ዓመት፣ በረመዳን ወር፣ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀይያ (ረ.ዐ.) መዲና ውስጥ ታማ ነበር። ባለቤቷ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ወደ ዘመቻው አልወጡም፤ እርሷን እንዲያስታምሙ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ መዲና ቀሩ። ሩቀይያ (ረ.ዐ.) በዚያው ሕመም ሞተች፤ በሲራ እንደተጻፈው የድሉ ዜና መዲና የደረሰው እርሷ ስትቀበር ነበር። ታዲያ ስለ ዑስማን ምን ተወሰነ? በድር ላይ እንደተገኘ ሰው አጅር እንዳላቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው፤ ከምርኮውም እንደ ዘማቾቹ ድርሻ ሰጧቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህ ታሪክ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በድር እኮ ተራ ቀን አልነበረም። እዚያ የተገኙት ሶሓቦች እስከ ዛሬ በልዩ ማዕረግ ይጠራሉ። ከዚያ ቀን የቀረው ሰው የቀረበት ምክንያት የሚስቱ ሕመም ነበር፤ እርሱም ከበድር ሰዎች ጋር ተቆጠረ። ደግሞም የተሰጠው አጅር ብቻ አልነበረም። አጅርም ድርሻም ነው የተሰጠው። በኛ ማኅበረሰብ አስታማሚን “አጅር ታገኛለሽ፣ ጀነት ነው የምትገዢው” ማለት የተለመደ ነው። እውነት ነው፣ ኢንሻአላህ ታገኛለች። አጅሩን ግን የሚሰጠው አላህ ነው፤ እኛ ስላወራነው አይጨመርላትም። ከኛ የሚጠበቀው ሁለተኛው፣ ድርሻዋ ነው። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ እንቅልፍ፣ ተራ።

ፊቅሁም አስታማሚን ያውቃታል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በአንድ የጁሙዓ ቀን ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) መታመማቸውን ሰምተው ወደ እርሳቸው ሄዱ፤ የጁሙዓ ሰዓትም ደርሶ ሶላቱን ተዉ። ይህም በቡኻሪ ይገኛል። ዑለማዎች ሌላ ተተኪ የሌለው አስታማሚ ከጁሙዓና ከጀማዓ ሶላት መቅረቱን እንደ ዑዝር ይቆጥሩታል። የጁሙዓን ፈርድ የሚያስቀር ዑዝር በአላህ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህም በላይ ማስታመም ፈርዱል ኪፋያ መሆኑን ዑለማዎች ጽፈዋል። መጀመሪያ በዘመድ ላይ ነው፤ ከዚያ በወዳጅ፣ ከዚያ በጎረቤት፣ ከዚያም በሌላው ሙስሊም ላይ። ፈርዱል ኪፋያን ሁላችንም መድረሳ ስንማር ምሳሌው የጀናዛ ሶላት ነበር፤ ጥቂቶች ከሰገዱት ከሌላው ላይ ይወርዳል። “ኪፋያ” ማለት መብቃት ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ለጀናዛ ሶላት ጥቂት ሰው ይበቃል፤ የሚመጣው ግን መቶ ሰው ነው። ለረጅም ሕመም አንድ ሰው አይበቃም፤ የሚቀረው ግን አንድ ሰው ነው። ኢድሩና ቅሬው ድንኳኑን፣ ሳሕኑን፣ ወንበሩን ይዘው የሚደርሱት የሞት ቀን ነው። በሦስት ዓመቱ ሕመም ጊዜ ግን ድንኳን የሚተክል አልነበረም። አንዷ የማትበቃ ከሆነ ኪፋያው አልሞላም። ኪፋያው ካልሞላ ደግሞ ግዴታው ከሌሎቻችን ጫንቃ ገና አልወረደም።

“ታዲያ ወላጅን መኻደም የልጅ ግዴታ አይደለም ወይ? ደከመኝ ማለትስ አጅርን አያጠፋም ወይ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሲያረጁ “ኡፍ” እንኳን እንዳንላቸው አዞናል። ይህ የማያወላዳ ትእዛዝ ነው። ግን በደንብ እናስተውል። የተከለከለው እናትን “ኡፍ” ማለት ነው። ለወንድም “ደክሞኛል፣ ዛሬ ሌሊት አንተ ና” ማለት አልተከለከለም። እንዲያውም ሌሊቱን ወንድሟ ከተካት ጠዋት ለእናቷ የምታሳየው ፊት ፈካ ያለ ይሆናል። ለብዙ ወራት ያልተኛ ሰው ምላሱን ለመጠበቅ የሚታገለው ትግል ከባድ ነው፤ ያንን ትግል ማቅለል ወላጅንም መጠበቅ ነው። ትእዛዙም ለአንዷ ልጅ ተለይቶ አልመጣም፤ ለልጆች ሁሉ ነው። ሰልማን (ረ.ዐ.) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) የመከሩትም ይህንኑ ነው፤ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ሐቅ አላቸውና ለየባለ ሐቁ ሐቁን ስጥ አሉ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ለሌሊት ሶላት እንኳን የነፍስ ሐቅ ከታሰበ ለማስታመም እንዴት አይታሰብም?

ለወንድሞች በተለይ አንድ ነገር እንበል። “ወንድ ልጅ ምን ያውቃል?” የሚለው ምክንያት አያዋጣም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተጠይቀው፣ በቤተሰባቸው ኺድማ ላይ እንደነበሩና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ነግረውናል። እናትን ማጠብ በዐውራ ምክንያት ለሴት ልጅ ይተው ቢባል እንኳን፣ ሌላው ሥራ ዐውራ የለውም። ሾርባ መሥራት፣ አንሶላ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ካርድ ማውጣት፣ ሌሊት ነቅቶ መጠበቅ ወንድ ልጅም ይችለዋል። አባት ሲታመም ደግሞ ገላውን ማጠብ መጀመሪያ የወንድ ልጅ ድርሻ ነው። ሩቅ ያለ ልጅም ድርሻ አለው። ብር መላክ አንድ ነገር ነው፤ ብሩን በሳምንት ሁለት ቀን የምትተካ ሠራተኛ እንዲቀጠርበት ብሎ መላክ ደግሞ ሌላ ነው። የዓመት ፈቃዱን ሠርግ ላይ ከመጨረስ ግማሹን ለእህቱ እረፍት ማዋልም ይቻላል። ወላጁ ከሞተ በኋላም አስታማሚዋ አለች። ተዕዚያው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እርሷ ግን የምትመለስበት ሥራ የላትም። የውርስ ድርሻ በአላህ የተወሰነ ነው፤ እርሱን የሚነካ የለም። ነገር ግን ወንድሞች የየራሳቸውን ከተቀበሉ በኋላ በፈቃዳቸው ከድርሻቸው አንስተው ያቋረጠችውን ትምህርት ቢያስጨርሷት ወይም ሥራ ቢያስጀምሯት ማን ይከለክላቸዋል?

የሀገራችንን ሕግም እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ልዩና አሳሳቢ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል። ማስታመም በስሙ የተጠቀሰበት ፈቃድ ግን አዋጁ ውስጥ የለም። አባቱን የሚቀብር ሠራተኛ ደመወዙ አይነካም፤ አባቱን የሚያስታምመው ግን ከዓመት ፈቃዱ ይቀንሳል ወይም ያለ ደመወዝ ይቀራል። የቤተሰብ ሕጉም በልጆችና በወላጆች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያውቃል፤ ያም በገንዘብ የሚተመን ነገር ነው። የሌሊት ሰዓት በቀለብ አይተመንም። ሕግ የሚያወጡ ሰዎች አንድ ቀን ከኛ መካከል ይወጡ ይሆናል። ያኔ ይህ ክፍተት ይታወሳቸው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። አስታማሚ ሩቅ ያለች ሰው ብቻ አይደለችም፤ ክላስ ውስጥ አጠገባችን ትቀመጣለች። እናቷ ስትታመም ሴሚስተሩ መሀል ላይ ወደ ቤት የምትጠራው፣ ሚድ ያመለጣት፣ አቴንዳንስ ያነሳት እህት አለች። ቅዳሜና እሑድ ቤት ሄዶ አባቱን አጥቦ ሰኞ ሌሊት በባስ የሚመለስ ወንድም አለ። ዶርም ውስጥ የታመመ ጓደኛውን የሚያስታምምም አለ። ሜካፕ ፈተና ሲጠየቅ በብዙ ቦታ የሚፈለገው በተማሪው በራሱ ስም የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ነው፤ የእናት የሕክምና ወረቀት ተቀባይ አያገኝም። ጁሙዓ የተቀበለውን ዑዝር ፈተና አልተቀበለውም ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ውጤታቸው ሲወርድ “ሰነፈ” ይባላሉ፤ አንዳንዶቹ ዊዝድሮ ሞልተው ይሄዳሉ፤ ከሄዱት ውስጥ የማይመለሱ አሉ።

ታዲያ ጀማዓችን ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ ጉዳዮችን እናቅርብ።

አንደኛ፣ ዚያራችንን እናስተካክል። በሽተኛውን ከጠየቅን በኋላ ወደ አስታማሚዋ ዞረን “አንቺስ እንዴት ነሽ? ምሳ በልተሻል? መቼ ነው የተኛሽው?” እንበል። ስለ ሶብር ከመምከራችን በፊት ይህንን እንጠይቅ። ከአምስቱ ጠያቂዎች ሁለቱ ለሁለት ሰዓት ይቆዩ፤ ሴት ከሆነች እህቶች፣ ወንድ ከሆነ ወንድሞች። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ገላዋን ትታጠብ፣ ሶላቷን ተረጋግታ ትስገድ፣ ትተኛ። ከአንድ ኪሎ ብርቱካን ይልቅ ለአስታማሚዋ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይሻላታል።

ሁለተኛ፣ የኺድማ ክፍላችን ቤተሰብ የሚያስታምሙ ተማሪዎችን በምሥጢር ይመዝግብ። በአደባባይ ስማቸው አይጠራ። ለእነርሱ ኖት የሚይዝላቸው፣ ላብራቶሪ ሪፖርት የሚያስረዳቸው፣ ከዲፓርትመንት ጋር አብሯቸው ገብቶ የሚነጋገር ሰው ይመደብ። በግቢው ያለ ተማሪ ሲታመምም አንድ የዶርም ጓደኛ ላይ አይጣል፤ ተራ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በወር አንድ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ቢሰጡን፣ አልጋ ላይ የዋለን ሰው ወገብን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚያገላብጡት፣ ቁስል ሲጀምር በምን እንደሚታወቅ፣ በማንኪያ ሲጎርስ ትን እንዳይለው እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተምሩናል። ብዙ አስታማሚ ይህንን የሚያሳያት ሰው አጥታ በገዛ ወገቧ ዋጋ ተምራዋለች።

አራተኛ፣ ሪፈር ተጽፎላቸው ከክልል ወደዚህ ከተማ ለሚመጡ ሰዎች አብረዋቸው የሚመጡትን እናስብ። ከተማውን የምናውቅ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ መስጂዱን እናሳያቸው፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ የምንችል እናስተርጉምላቸው። በሲራ እንደተዘገበው ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ለቁስለኞች የሚታከሙበት ድንኳን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ነበራት። መስጂድ ከታመመና ከአስታማሚ የራቀበት ዘመን አልነበረም።

አምስተኛ፣ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። በዱዓ ላይ “የታመሙትን አሽርልን” ሲባል “የሚያስታምሙትንም አበርታልን” ይጨመር። አንዲት ሴት ከመስጂዱ ጥግ ሆና ያንን ብትሰማ፣ ጀማዓው እንደሚያውቃት ታውቃለች። ኹጥባው ላይም የወላጅ ሐቅ ሲነሳ “ልጆች ሆይ፣ ተከፋፍላችሁ ያዙት” የሚለው አብሮ ይነሳ።

አበው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። ሎሚው ያው ነው፤ የሚለየው የተሸካሚው ቁጥር ነው። በየቤታችን አንዲት እህት ሃምሳውን ተሸክማ ቆማለች። “ጎበዝ” ማለት ሎሚ አያነሳላትም። የዒድ እረፍት ሲደርስ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ታማሚ ያለበት ቤት የሚገባ ወንድም ሻንጣውን ካስቀመጠ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ “ዛሬ ሌሊት ተራው የኔ ይሁን?” የሚል ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ዓፊያ ያድርጋቸው፤ የሚያስታምሙትን በአካላቸውም በልባቸውም ያበርታቸው፤ እኛንም ድርሻችንን ከሚያነሱት ያድርገን። አሚን።